ያልተነጨ ፊት

ድሬሰር ጎንፋ ሴዳቲቭ የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል የተማረው በወጣትነቱ ካሠለጠነው ፈረንጅ ሐኪም ነው። ደብተሩ ላይ «ልብንና ነርቭን የሚያዘገይ» ብሎ ጻፋት። ጣልያን ከወጣ በኋላ መቱ ላይ መድኃኒት ቤት ሲከፍት ቃሏም አብራው ገበያ ወጣች። መጀመሪያ የሚጥል በሽታ ላለበት ብቻ ነበረች። ቀጥሎ እንቅልፍ ያጡ የቢሮ ጸሐፊዎች ለመዷት። ኋላማ ከኖፓ ቡና የሚጭነው ነጋዴ ነዚፍ እንኳ አልራመድ ያለችውን በቅሎ፣ «አንቺ፣ ሴዳቲቭ ጠጥተሻል?» ይላት ጀመር።

ደብተሩ ላይም ትርጉሟ ተለዋወጠ፤ አንዴ «የሚያስተኛ»፣ ከዚያ «የሚያረጋጋ» ሆነች።

የሻሽቱ አንድያ ልጅ ጃለኔ በወባ የሞተች ዕለት፣ የሻሽቱ ወንድም ጅራታ እየሮጠ መጣ።

«እህቴ ፊቷን ልትነጭ ስትል ሦስት ሆነን እጇን ይዘናል። እሷንም ልንቀብራት ነው፣ ጋሼ ጎንፋ። ያን የሚያረጋጋውን ያምጡልን።»

ጎንፋ ሄደ። ሁለት ማንኪያ አጠጣት፤ ብትታገለው ሦስተኛ ደገመላት። ጃለኔ ከቤት ስትወጣ ሻሽቱ ተኝታ ነበር፤ አፈር ሲመለስባትም ተኝታ ነበር። የነቃችው በማግስቱ ከሰዓት ነው።

ለቅሶ የደረሱት ሴቶች ጉንጫቸው ላይ ደም ረግቷል። የእናቲቱ ፊት ግን ጭረት እንኳ የለውም። ከዚያ ወዲያ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ «ልጇን ተኝታ የሸኘች» እያሉ ይንሾካሾኩባታል። እሷም ፊቷን በነጠላ መሸፈን ለመደች።

በአርባው ማግስት መድኃኒት ቤቱ መጣች።

«ጋሼ ጎንፋ፣ የዚያ ነገር ማርከሻ አለው?»

«ምን ማርከሻ ያሻዋል፣ ሻሽቱዬ? ከሰውነትሽ ከወጣ ቆየ።»

«አልወጣም። ዕንባዬን ይዞታል።»

«ማርከሻ የለውም» አላት ጎንፋ።

«እንግዲያስ ይንገሩኝ» አለች። «እርስዎ ቀብሩ ላይ ነበሩ።»

ነገራት። ቃሬዛውን እነማን እንደያዙ፣ ዝናቡ ጉድጓዱን ስለሞላው ውሃውን በቅል እየጨለፉ እንዳወጡ፣ የጃለኔ ቀይ መቀነት ከከፈኑ ሾልኮ ቢታይ አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው እንደመለሱት። ሻሽቱ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«የጎረቤት ልጅ ሞት የነገሩኝ ይመስለኛል» አለችና ወጣች።

በዓመቱ የጅራታ ሚስት ወንድሟ ሞቶባት ደረቷን ስትደቃ፣ ጅራታ እንደገና ሮጦ መጣ።

«አልቋል» አለው ጎንፋ።

«ጠርሙሱ ከኋላዎ ተቀምጦ?»

«አልቋል አልኩህ። ሂድና አብረሃት አልቅስ።»

ጅራታ እያጉተመተመ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ሻሽቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ወደ ገበያ ታልፍ ነበር።