ኤሌክትሮኑ ወዴት ዞረ?

የተወለድኩት ግራኝ ሆኜ ነው። ማዕድ ላይ ግራ እጄ ብቅ ባለ ቁጥር እናቴ «በቀኝ!» እያለች ጣቶቼን መታ መታ ስታደርግ አድጌ፣ አሁን የምበላውም የምጽፈውም በቀኝ ነው። ሳላስብ ሲሆን ግን የቱ እጄ እንደሚነሳ እኔም አላውቅ።

አሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን የቀኝ እጅ ሕግ የሚባል ነገር አመጣብን። አውራ ጣት ቻርጁ የሚሄድበት፣ አራቱ ጣቶች የማግኔቱ መስክ፣ መዳፍ የሚገፋበት ደግሞ የኃይሉ አቅጣጫ። «ቻርጁ እንደ ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ከሆነ መልሱን ገልብጡት» ብሎ ጨረሰ። አቦ፣ ይሄ ምን ጣጣ ነው! በዚያ ሙቀት ክፍሉ በሙሉ እጁን ሲያጣምም እኔ አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ ኮርኒሱ እጠቁማለሁ። በቀኝ እጅ ሕግ ግራ ገባኝ፣ ወላሂ!

አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬም ከእኔ አትሻልም ነበር። ፊዚክስ ከወደቅን ከተፈጥሮ ሳይንስ ወጥተን ማኅበራዊ ሳይንስ መግባታችን ነው። እሷ ደግሞ ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። ለማለፍ የቀረን ሰሌዳ ላይ የሚሠራ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

መምህሩ ሁለታችንንም ጠርቶ በሰሌዳው ዳርና ዳር አቆመን። ኤሌክትሮን ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ መስኩ ወደ ሰሌዳው ውስጥ ይገባል፤ ኃይሉስ ወዴት ነው? ጣቶቼን ወደ ሰሌዳው፣ አውራ ጣቴን ወደ ቀኝ አደረግኩ። መዳፌ ወደ መሬት ዞረ፤ ቀስቱን ወደ ታች ሳልኩ። እሷ ወደ ላይ ሳለች።

«ጎበዝ! ኤሌክትሮን መሆኑን አልረሳችም» አለ መምህሩ ወደ እኔ እያየ። ተጨበጨበልኝ።

ቦታዬ ተቀምጬ ነው የገባኝ። ጠመኔው በቀኝ እጄ ስለነበር ያነሳሁት ግራዬን ነው፤ ግራ እጅ ደግሞ መልሱን በራሱ ይገለብጠዋል። ኤሌክትሮን መሆኑንማ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እሷ ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ ቀኝ እጇን በወጉ ዘርግታ፣ መገልበጡን ብቻ ነው የረሳችው። እሷ አንድ ስህተት ሠራች፣ እኔ ሁለት። ያለፍኩት ግን እኔ። አፈርኩ። መምህሩ ጋ ሄጄ ምን እላለሁ? መልሴ ልክ ነው ወይስ አይደለም? እስካሁንም አልለየልኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በሻሿ ጠረገችና፣

«አንቺ እንኳን ገባሽ» አለችኝ ከልቧ። «ነገ ታስረጂኛለሽ።»

ዓይኗን ሳላይ «እሺ» አልኳት።