ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችው

የጡረተኞች ክበባችን አሮጌውን ቲያትር ቤት እንጎብኝ ብሎ ሲወስን እጄን ያላወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምነው ሲሉኝ ጉልበቴን አሳበብኩ። ባለፈው ወር ጫኖ ድረስ ሄደሽ ማንጎ ስትለቅሚ ይሄ ጉልበት የት ነበር ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ጉልበቴ ምንም አልሆነም።

የፈራሁት ጓደኛዬን ነው። እንደ እኔው የክበቡ አባል፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ የጋሞ ደጋ የገረሴ ልጅ። እኔ ከጎጃም ተመድቤ አርባ ምንጭ የመጣሁ ወጣት የአማርኛ መምህርት ሳለሁ እሷ ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬም ቲቸር ነው የምትለኝ። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጆቼም አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ደጄን የምታንኳኳው እሷ ናት። ጠዋት ትመጣና ግፊቴን ትለካለች፣ ጨው አብዝተዋል ብላ ትቆጣኛለች፣ ከጓሮዋ የቆረጠችውን ሙዝ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ ትሄዳለች። እሷን ካጣሁ ምን ይውጠኛል? እዚያ ቲያትር ቤት ውስጥ ግን የበደልኳት በደል አለ። አርባ ዓመት አለፈው፤ አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን ለዓመቱ መዝጊያ ቲያትር እንዲያሳይ ታዘዘና አዘጋጇ እኔ ሆንኩ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ልጇን ለማስፈታት ዳኛ ፊት ቆማ የምትሟገት እናት ናት። ጓደኛዬ ያን ሁሉ ንግግር በሦስት ቀን ሸመደደችው። ድምጿማ ያለ ማይክ አዳራሹን ዳር እስከ ዳር ይሞላ ነበር። ግን አማርኛዋ የገረሴ አማርኛ ነበር፣ ጋሞኛው ከሥሩ የሚሰማ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳቅሁባት። እኔ ስስቅ ተማሪው ሁሉ ተንከተከተ። በማግስቱ ቦታዋን ነጥቄ ከሰሜን ለመጣች የአንድ ሹም ልጅ ሰጠሁ። እሷን ከመጋረጃው ጀርባ አቆምኳት፤ ተዋናይዋ ቃል ሲጠፋባት በሹክሹክታ እንድታቀብላት።

በዕለቱ የሹሙ ልጅ ገና ዳኛው ፊት ስትደርስ ሁሉም ነገር ጠፋት። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እያንዳንዷን ቃል የተቀበለችው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ፣ ለልጅቷና ለእኔ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ እጅ ነሳሁ።

እንግዲህ ወደዚህ ቤት ነው ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተጭነን ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ የወጣነው። አስጎብኚዋ የግንቡን ዕድሜ፣ የእንጨት ወንበሮቹን፣ ጣሪያው ሥር የሰፈሩትን የሌሊት ወፎች ሳይቀር አሳየችን። መጋረጃው ያው የድሮው ነው፤ ቀይ የነበረው አሁን የተፈጨ ሸክላ መስሏል። ጓደኛዬ ዳሰስ አደረገችውና አለፈች።

ክበባችን ደግሞ አንድ ደንብ አለው። በሄድንበት ሁሉ እያንዳንዱ አባል ተነስቶ ከቦታው ጋር ያለውን ትዝታ ይናገራል። ማጋነን ይፈቀዳል፣ ማለፍ ግን ክልክል ነው። አንዱ ጡረተኛ ሾፌር፣ በጋሞኛ አፉን የፈታ የጫኖ ልጅ፣ ፊልም ለማየት በመስኮት ሲገባ ሱሪው ተቀድዶ እስኪመሽ ከወንበሩ እንዳልተነሳ አጫወተን። ተራው የእኔ ሆነ። ምላሴን በቆረጠው! ዝም ብዬ ስለ ወንበሮቹ ባወራ ምን ነበረበት? እዚህ መድረክ ላይ ቲያትር አዘጋጅቼ ሕዝብ ቆሞ አጨብጭቦልኛል አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። ደግመው አጨበጨቡልኝ።

ቀጥሎ ጓደኛዬ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ አለችና ተቀመጠች። ሊቀመንበራችን አጠረ ብሎ ቢያጉረመርም ንቅንቅ አላለችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሌሎቹ የመልበሻ ክፍሉን ሊያዩ ሲሄዱ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ቦታው ያንቺ ነበር" አልኳት። "በአነጋገርሽ ስቄ ነው የነጠቅሁሽ። ይቅር በይኝ።"

ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ።

"አውቃለሁ፣ ቲቸር" አለች። "እርስዎን ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ። ግን እንደኔ እንዳይሳቅባቸው ብዬ ልጆቼን ጋሞኛ ሳላስተምራቸው ቀረሁ። እናቴ ስትሞት አልጋዋን ከበው ቆመው የምትላቸው አልገባቸውም።"

አለቀስኩ። እሷ የእጄን አንጓ ያዘች። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትርታዬን እየቆጠረች ነው። ደህና መሆኔን ስታረጋግጥ ለቀቀችኝና ተነሳች። እናትየዋን ዛሬ እኔ ልሥራት፣ እርስዎ ከጀርባ ይቁሙ አለችኝ።

እሺ ብዬ እንደ ታዘዘ ተማሪ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። አቧራው አስነጠሰኝ። የእናትየዋን ንግግር ዛሬም በቃሌ ስለማውቀው ብትረሳ ላቀብላት ተዘጋጀሁ። እንዲህ እንኳ ብክሳት እያልኩ ነበር።

አባሎቻችን ተመልሰው ተቀመጡ። እሷ መድረኩ መሐል ቆማ አፏን ስትከፍት የወጣው ጋሞኛ ነው። ያ የድሮው ድምፅ፣ ምንም ሳይጎድል። የጋሞ ልጆች የሆኑት አባሎቻችን መጀመሪያ ሳቅ አሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አሉ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ዳኛው ፊት እንደቆመች ከእጇ አነሳስ ገባኝ፤ ከቃሉ ግን ምንም አልገባኝም።

መሐል ላይ ቆመች። ቃል ጠፋባት። ፊቷን ወደ መጋረጃው መለሰች፣ ወደ እኔ። እዚህ አገር ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ፣ ባሌን ቀብሬአለሁ፣ ፀጉሬ ሸብቷል፤ የማቀብላት አንድ ቃል አልነበረኝም።

የጠፋባትን የጋሞኛ ቃል ከወንበሩ ሆኖ ያቀበላት ሾፌሩ ነው።