ሲዲ ሁለት ቡሌ ሄዷል

ከጪጩ እስከ ወናጎ ቤት ለቤት ቢፈለግ እንደ እኔ ቅናት የማያውቅ ወንድ አይገኝም። ባለቤቴ ታደለች የዲላን ወንድ ሁሉ አሰልፋ ብትጨብጥ እንኳ ሰልፉን አስተካክላለሁ እንጂ ቅር አይለኝም። ጸጉር ቤቴ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ይህን ሳወራ ኖሬያለሁ። ታዲያ ፊልም በሲዲ እየተከራየን በምናይበት ዘመን፣ በዓለም ላይ በሌለ ሰው ቀንቼ እንቅልፍ አጣሁ። አሁንም ባለመነጽር ደንበኛ ወንበሬ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ፊልሙን ያከራየኝ የሱቅ ጎረቤቴ ነስሩ ነው። ያን ጊዜ አንድ ፊልም በሁለት ሲዲ ነበር የሚመጣው። ነስሩ አንደኛውን ብቻ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ሲዲ ሁለት ቡሌ ሄዷል። የወሰደው ሰውዬ ለገበያ ሲወርድ ይመልሳል» አለኝ።

ፊልሙ ውስጥ ጭንብል አጥልቆ በፎቅና በፎቅ መሀል የሚበር ጀግና አለ። ታደለች የሚበረውን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። ዓይኗ የተተከለው አንድ ሰዓት ሠሪ ላይ ነው። መነጽር ያደርጋል፣ ዝግ ብሎ ያወራል፣ እናቱ በልታ ስትነሣ ሳህኗን ያጥባል። ሲዲ አንድ የሚያልቀው ሰውዬው መስተዋት ፊት ቆሞ ፈገግ ሲል ነው።

«አየህልኝ የሳሚ አባት? ወንድ ማለት ይሄ ነው!» አለች።

በማግስቱ ደግማ አየችው። ከዚያ ጎረቤታችንን አልማዝን ጠርታ አሳየቻት። ሰውዬው ሳህን ባነሣ ቁጥር ሁለቱም «ውይ፣ አንጀት ሲበላ!» ይላሉ። እኔ ከነነፍሴ አጠገባቸው ተቀምጬ ሻይ የሚቀዳልኝ ጠፋ።

አንጀቴ አረረ። ቅናቴ ከዲላ ተነሥቶ ሐዋሳ ደርሶ ሳይመለስ አልቀረም። ከመንገድ ላይ መነጽር ገዛሁ። አድርጌው ቤት ስገባ በሩ ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ በሌለው በር ልግባ ስል ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ። እንደምንም ገብቼ ድምፄን አለስልሼ «ታድዬ፣ ሳህኑን እኔ ልጠበው?» አልኳት።

ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችኝ። «ወባ ነው እንዴ?»

ብሶቴን ለነስሩ ብነግረው በሳቅ ፈረሰ። «አክተሩ እሱ መስሏችሁ ነው? ኧረ ጋሼ፣ መጥፎው ሰውዬ እኮ ነው! ውስጡ ሁለት ሰው ነው ያለው። የግድግዳው ሰዓት ሲደውል አውሬ ይሆናል። ከተማውን የሚያቃጥለው እሱ ነው።»

ጮቤ ረገጥኩ። የቡሌውን ሰውዬ እንደ ሙሽራ ጠበቅኩት። በገበያ ቀን መጥቶ ሲዲ ሁለትን ሲመልስ ከነስሩ እጅ ነጠቅኩ። እሑድ ከቸርች መልስ ታደለችንና አልማዝን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኩ፤ ነስሩንም ለምስክርነት ጠራሁት። እኔ ደረቴን ነፍቼ ታደለች አጠገብ ተሰየምኩ። «አሁን ጉድሽን ታያለሽ!» አልኩ በሆዴ።

ሰዓቱ ደወለ። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ፍም መሰለ፤ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆነ፤ ሳህን ሲያጥብበት በነበረው እጅ የገዛ ጓደኛውን አንቆ አንጠለጠለው። ይሄኔ ቤታችን ውስጥ አንድ ጩኸት ተሰማ። ነስሩ እንደሚለው ጪጩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ፊልሙ ሲያልቅ «አየሽው አይደል የሳሚ እናት? ለዚህ ነው ያበድሽው!» አልኳት።

ታደለች እንባዋን ጠረገች። «ምስኪን! እሱስ ሲቆጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። አንተ ራስህን ሆነህ አይደል እንዴ የምትቆጣው?»

አልማዝ በሳቅ ከመቀመጫዋ ተንሸራተተች። ነስሩ ወሬውን ከእኔ ቀድሞ ጸጉር ቤት አደረሰው።

በሰዓት ሠሪው ያደረብኝ ቅናት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሳህን ማጠቡ ግን ተጣብቆብኝ ቀረ፤ ታደለችም ወባ ነው ማለቱን ትታለች። ደንበኞቼ «መጨረሻ ላይ ማን አሸነፈ?» እያሉ ሲጠይቁኝ የሚበረው ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም። የጮህኩት እኔ ነኝ። ከዚያች ጩኸት ጀምሮ ፊልሙ እስኪያልቅ የታደለች ነጠላ ውስጥ ተሸፍኜ ነበር።