በወንፈል የተጠና ትምህርት

መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲገባ አሶሳ አቅራቢያ ባለው ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የአንድ ሕፃን ክንድ እየለካሁ ነበር። ያመለከትኩበት የሥነ ምግብ ትምህርት፣ አዲስ አበባ ያለ ኮሌጅ በኦንላይን የሚሰጠው፣ ተቀብሎኛል። ከበርጩማዬ ብድግ ብዬ ዘለልኩ። እናትየው መለኪያው ክፉ ነገር ያሳየ መስሏት ልጇን ከእጄ መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ቀልደኛው አስተርጓሚያችን ልጅሽ ደህና ነው፣ የታመመችው እሷ ናት ብሎ አረጋጋት። ሴትዮዋ ሳቀች። እኔም ቀኑን ሙሉ ጥርሴን መክደን አቃተኝ።

ለአንድ ትምህርት ይህን ያህል መዝለል ምን አመጣው የሚል ካለ ልንገረው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ አባቴ ታመመና ትምህርቴን አቋርጬ አሶሳ ተመለስኩ። አባቴ ዳነ፤ ማሳው ላይ ቆሞ ሰው መቆጣትም ጀመረ። የእኔ ቦታ ግን አልጠበቀኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ ሲወራ «ጎበዝ ተማሪ ነበረች» ይባላል። የኮሌጁ ደንብ ደግሞ አንድ ጊዜ ከትምህርቱ የተሰናበተ ዳግመኛ አይመዘገብም ይላል። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይ እጨርሰዋለሁ፣ ወይ ጎበዝ እንደነበርኩ እቀራለሁ።

በራሴ እተማመን ስለነበር አጠናኔ ላይ ብዙ አልተጨነቅሁም። ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ላይ ጋደም እላለሁ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ፣ ቪዲዮውን እከፍታለሁ። አስተማሪዋ ትናገራለች፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሁሉም ነገር ይገባኛል። እንዲህ የሚገባ ትምህርት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ቪዲዮው እንዳለቀ እናቴ ምን ተማርሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ ብዙ ነገር አልኳት። እስቲ አንዱን ንገሪኝ አለች። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ኔትወርኩ ነው አልኳት። እናቴ ኔትወርክ የሚባለው ነገር ሰው ጭንቅላት ውስጥም እንደሚቋረጥ ያን ቀን አወቀች።

በእርግጥ የኔትወርኩም ነገር የዋዛ አልነበረም። መንደራችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወላጆቻችን ከወሎ መጥተው ከሰፈሩባቸውና በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች አንዱ ነው። እዚያ ቪዲዮ መክፈት ማለት ግማሹን ሰዓት የሚዞር ክብ ነገር ቁጭ ብሎ ማየት ማለት ነው። ደግነቱ ከአሶሳ የተመዘገብነው ሦስት ነበርን። አንደኛው እዚያው ጾሬ ጤና ኬላው ውስጥ የሚሠራ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ የልጆች አባትና በዕድሜ ከፍ ያለ ስለሆነ ጋሼ እንለዋለን። ሌላዋ ከድባጤ የመጣች፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ሺናሻ ናት፤ ስትስቅ ካልሆነ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። ከተማው ዳር ባለው የጋሼ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም እንጂ ከዚያ ማንጎ ሥር ኔትወርኩ ጉድ ያሰኛል። የቀርከሃ አልጋ አውጥተን ሦስታችንም እዚያ ላይ እንደረደራለን፤ የጋሼ ባለቤት ካርካዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥ በብርጭቆ ታቀርብልናለች፤ እኛ በየስልካችን ላይ እናቀረቅራለን።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትምህርቱ ብዙ፣ ጊዜው አጭር፤ ለምን በወንፈል አንሠራውም አልኩ። የገበሬ ልጅ ወንፈል አይጠፋውም፤ ዛሬ ሁላችንም ያንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን፣ ከነገ ወዲያ የእሷን። ጋሼም በእነሱ ዘንድ እንዲህ ተሰብስቦ መሥራት የቆየ መሆኑን ነግሮን በደስታ ተስማማ። ተከፋፈልን። እኔ መለካቱንና ስሌቱን ያዝኩ፤ እሱ የሕፃናትን አመጋገብ፤ እሷ ውሃንና ንጽሕናን። ሁሉም የየራሱን አጥንቶ ለሌሎቹ ይተርካል። ጨዋታው፣ ሳቁ፣ ካርካዴው፣ ትምህርት እንዲህ ከሆነ ለምን ሁሉም ሰው አይማርም እስክንል ደረስን። የመጀመሪያው አሳይመንት ሲመጣም እያንዳንዳችን ድርሻችንን ጻፍን፣ አንድ ላይ ቀጣጠልነው፣ ሦስታችንም ያንኑ ላክን። ነውር ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወንፈል ላይ ይህን ነዶ ያጨደው የማን ማጭድ ነው ተብሎ አይጠየቅም።

አስተማሪዋ ግን ጠየቀች። መልእክቷ አጭር ነበር። የሦስታችሁ ሥራ አንድ ነው፤ ይህ መኮራረጅ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እያንዳንዳችሁ በቪዲዮ ቀርባችሁ ከሁሉም ምዕራፍ በቃል ትጠየቃላችሁ፤ መመለስ ያልቻለ ይሰናበታል። ጋሼ ደጋግሞ አነበበውና ስልኩን አልጋው ላይ በግንባሩ ደፋው። የድባጤዋ ልጅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ተናደድኩ። ማን ናት እኔን ኮራጅ የምትለኝ ብዬ እዚያው መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ጋሼ ስልኬን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው።

«እህቴ፣ መጀመሪያ ታውቃለህ ወይ? ካወቅህ በኋላ ትቆጣለህ» አለኝ።

ሴት ወንድ ሳይለይ ሁሉንም አንተ ማለቱን ለምደነዋል፤ ያን ቀን ግን ማናችንም አልሳቅንም። እርስ በርስ ተጠያየቅን። ስለ ክንድ መለኪያና ስለ ክብደት ስጠየቅ አንበለበልኩት። ስለ ሕፃናት አመጋገብ ስጠየቅ ግን ጋሼ ስንት ጊዜ የተረከልኝ ነገር እንደ አዲስ ሆነብኝ። እነሱም በእኔ ምዕራፍ ላይ እንዲሁ ናቸው። ሦስታችንም የምናውቀው ያስተማርነውን ብቻ ነበር፤ የሰማነው በዚያው ጠፍቷል።

በማግስቱ እሁድ የእኛ ቤት ማሽላ የሚታረምበት ተራ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እጄ አረሙ ላይ፣ ሐሳቤ ቅዳሜ ላይ ነው። ሥራው ሊጀመር ሲል አንዲት ጎረቤታችን አባቴን አረሙ የበረታው በየት በኩል ነው ብላ ጠየቀችው። አባቴ ውሃ ወደሚተኛበት ወደ ታችኛው ጥግ አመለከተ፤ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ወረደ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬአለሁ። ያን ቀን ግን ከማሽላው መሃል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ወንፈል የሚጀመረው አረም ካለበት ነው። የጸዳ ማሳ ይዞ ኑ አግዙኝ የሚል ሰው የለም። እኛ ግን እያንዳንዳችን የጸዳውን ማሳችንን እያሳየን ነበር የከረምነው።

በጭቃ እጄ ስልኬን አውጥቼ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ማሽላውን እየሰነጠቅሁ ወደ ዋናው መንገድ ሮጥኩ፤ አባቴ ከኋላዬ ይህች ልጅ ከአረም ለማምለጥ የማታመጣው ዘዴ የለም ይላል። መንገዱ ላይ ስደርስ ጋሼን በስልክ አገኘሁት። እያለከለክሁ የነገርኩትን እንደምንም ሰማኝ። ከዚያ ነገ ና፣ የአንተን አረም እናያለን አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡን ገለበጥነው። የሚያስተምረው የማያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው ዝም ብሎ ይሰማል፤ መጠየቅ ይችላል፣ መልሱን መንገር ግን አይፈቀድለትም። ስልክ ይዘጋል። መጀመሪያ ከጭንቅላት የወጣው ያህል ይነገራል፤ የተሳተው ከዚያ በኋላ ተከፍቶ ይታያል። ዛሬ ያቃተህን ነገ ከነገ ወዲያ እንደገና ትነሳበታለህ፤ አረሙ በአንድ ንቀላ አይለቅም።

የመጀመሪያው ማሳ የእኔ ሆነ። ለልጆች አባት ስለ ልጅ አመጋገብ ለማስተማር ብድግ አልኩ። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልናገር ጋሼ የምታበላው ልጅ አፉን ዘጋ እንበል፣ አሁንስ አለኝ። እናባብለዋለን አልኩ። ተባበለ፣ አሁንም ዘጋ አለኝ። ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቱ ከበር ላይ ሆና ስታዳምጥ ኖሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር ብላ ሳቀች፤ ምን አለች ብለን ብንወተውተው ለዚህች ሴት ሕፃን አትስጧት አለች ብሎ ተረጎመልን። በጣም ተበሳጨሁ። ማታ ቪዲዮውን ስከፍት አልተጋደምኩም፤ የአልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የጠፋኝ ነገር ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ቦታውን እየፈለግሁ አየሁት። አስተማሪዋ ያቺን መልስ ስትናገር ብቻዬን አጨበጨብኩ። ስንት ጊዜ ነግራኝ ኖሯል።

ጋሼ በተራው ስሌቱን አስተማረ። አማርኛው ሲያጥርበት የቀርከሃ ስንጥር ሰባበረና ረጅሙን ቁመት፣ አጭሩን ክብደት አድርጎ መሬት ላይ ደረደረው፤ እኔ ራሴ ያን ቀን ነው ደህና አድርጎ የገባኝ። የድባጤዋ ልጅማ ጉድ አደረገችን። ያ ሁሉ ዝምታ የት እንደሄደ እንጃ፤ ቆማ ስታስረዳ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ያያት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ወደ ጾሬ በሚወስደን መኪና ውስጥም ከጋሼ ጋር መጠያየቁን አላቆምንም። ከቀናት በኋላ ጋሼ የጠየቀኝን ሹፌሩ ቀድሞኝ መለሰ፤ ለእኔም ተራ ስጡኝ ብሎ አስቸገረን።

ቅዳሜ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዘነበ። መብራት ጠፍቷል፤ ስልኬ ፓወር ባንክ ላይ ተሰክቷል። ማንጎው ሥር ላስቲክ ወጠርንና ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ሁለቱ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። አስተማሪዋ አጠገቤ ሰው አለመኖሩን ለማየት ካሜራውን ዙሪያውን እንዳዞር አዘዘችኝ፤ ዛፍና ዝናብ አየች። ስለ መለካት ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ስለ ውሃ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ስለ ሕፃን የመጀመሪያ ምግብ መመለስ ስጀምር ድምፁ ተቆረጠ፤ ምስሏ አፏን እንደከፈተች ቆመ። ያ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። ስልኩን ወደ ቅርንጫፉ ከፍ አደረግሁት። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ተቀይሯል። በመሃል መልስ ፈልገሽ ሊሆን ስለሚችል ጥያቄውን ቀይሬዋለሁ አለች።

«ተቅማጥ የያዘው የዓመት ልጅ ምግብ አልቀበልም ብሏል። እናቱ ፊትሽ ቆማለች። ምን ትያታለሽ?»

እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ጥያቄ ቪዲዮው ላይ አልነበረም። ግን ያ ልጅ ማንጎው ሥር ስንት ቀን አፉን ዘግቶብኛል። አስተማሪዋን ረሳኋትና እናትየዋን ማነጋገር ጀመርኩ። ጡት እንዳታቆምበት፤ የሚጠጣ እንድታበዛለት፤ ምግቡን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ እንድትሰጠው፤ ገንፎው ከማንኪያው ላይ የማይፈስ እንዲሆን፤ እንዳታስገድደው፤ ሲድን ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው እንድትጨምርለት ነገርኳት። አሁንም አፉን ቢዘጋ አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፤ መጠጣት ካቃተው ወይም ዓይኑ ከሰረጎደ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ነይ። አስተማሪዋ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኝ ጀመር። ኔትወርኩ እንደገና የጠፋ መስሎኝ ስልኩን ነቀነቅሁት።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ግራ ገብቷት ሳቀች። ያኔ ስለ ወንፈሉ፣ ስለ አሳይመንቱ፣ ስለ ማሽላው አንድ ሳላስቀር አጫወትኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አብራችሁ አጥኑ፣ ስትጽፉ ግን ለየብቻችሁ አለች። ከእኔ በኋላ ጋሼ ገባ፤ ከዚያ የድባጤዋ ልጅ። ሰኞ ውጤቱ ሲላክ ሦስታችንም አልፈናል። የዚያን ቀን ማታ እናቴ እንደ ልማዷ አንዱን ንገሪኝ አለችኝ፤ እራት እስኪቀርብ ለፈለፍኩባት፤ በመጨረሻ በቃኝ፣ ኔትወርክሽን ዝጊው አለች። አባቴ ደግሞ በማግስቱ ልጅህ ምን ትሠራለች ብሎ ለጠየቀው እንግዳ ተማሪ ናት ብሎ ሲመልስ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት።

ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ምዕራፍ ተከፈተ፤ ስለ ቫይታሚኖችና ስለ ማዕድናት፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የማይጨበጥ። ድሮ ቢሆን ራሴን እየነቀነቅሁ አልፈው ነበር። ማንጎው ሥር ስንሰበሰብ ጋሼ ካርካዴውን እያደለን ዛሬ አረሙ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። የድባጤዋ ልጅ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

«የእኔ ነው» አልኩ። «አንድም ነገር አልገባኝም።»

ይህን በመናገሬ እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ ማን ያስብ ነበር። ስልኬን ዘጋሁና ለማስተማር ተነሳሁ።