ባለሻንጣው የሞተ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ቀጥሎ አብልጬ የማውቀው ሰው አንድ አሜሪካዊ የቴአትር ተዋናይ ነበር። ስሙን ግን አላውቅም። ታሪኩ የተጻፈበትን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች አይጥ በልቷቸው ስለነበር ታሪኩን የሚያወሩልን ጋሽ ልየውም ስሙን አያውቁትም። ከአገር አገር ትልቅ የቆዳ ሻንጣ ይዞ ስለሚዞር «ባለሻንጣው» እንለው ነበር።

ጋሽ ልየው በከተማችን በይጁቤ ብዙ ዘመን እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። መጽሐፉን ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳሉ ከውጭ የመጣ አንድ መምህራቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ። ያኔ ሰፈራችን መብራት ገና አልገባም፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አምስት ስድስት ሆነን አንዳንድ ፍልጥ እንጨት ይዘን ቤታቸው እንሰበሰባለን። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ዓይናችን እስኪያነባ በጢስ እንታፈናለን። እሳቱ ፍም ሲሆን ጋሽ ልየው መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘግተው ፋኖሱን ያስጠጋሉ። ባለሻንጣው መድረክ ላይ ሲወጣ ክሩን ከፍ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሲሆን ዝቅ ያደርጉታል።

ለአባቴ የነገርኩት እንግሊዝኛ ላጠና እንደምሄድ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር። አንድ ጊዜ ተማሪዎች ድራማ ሲያሳዩ አይቶ «ሰው የራሱ መልክ እያለው የሌላ መልክ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ከመሀል ተነሥቶ ወጥቷል። የምሄደው የተዋናይ ታሪክ ልሰማ መሆኑን ቢያውቅ የጋሽ ልየውን ደጅ ዳግመኛ እንደማልረግጥ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ማታ ማታ አንድ አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ እገባለሁ፤ ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ፣ ደስ ይለዋል። ደስ ሲለው እኔ እፈራለሁ።

ባለሻንጣው የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞረ ቴአትር ከሚያሳይ ቡድን ጋር ጠፍቶ ሄደ። ሰባት ዓመት ሙሉ ግን የተሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ መድረክ ላይ ገብቶ «ፈረሱ ቀርቧል፣ ጌታዬ» ብሎ መውጣት። ከዚያ ከመጋረጃው ጎን ይቆምና የሌሎቹን ሁሉ ቃል ሲያዳምጥ ያመሻል።

ሰባት ዓመት ስለ ፈረስ! እኛ በሳቅ ፈረስን። ጋሽ ልየው ግን አልሳቁም። ብድግ ብለው ያንኑ ቃል መጀመሪያ ጌታውን እንደሚፈራ አሽከር አሉት፤ ቀጥለው ጌታውን በልቡ እንደሚንቅ። ከዚያ ትንሽ ቆዩና፣ ፈረሱ ጌታውን ወደ ሞቱ እንደሚወስደው አውቆ ዝም እንዳለ አሽከር አድርገው ደገሙት። የክንዴ ጸጉር ቆመ። ቃሉ ያው፣ ጋቢውም ያው፤ ሰውየው ግን ሦስት ሰው ሆነ። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

በረዶ መንገድ በዘጋበት አንድ ክረምት ዋናው ተዋናይ ድምፁ ተዘጋ፤ የሁሉንም ቃል የያዘው ባለሻንጣው ስለነበር እሱ ገባ። ከዚያ በኋላ የወጣበትን ከፍታ ጋሽ ልየው ለብዙ ምሽት ተረኩልን፤ ኒውዮርክ ውስጥ ሺህ ሰው እሱ ሲተነፍስ እየጠበቀ የሚተነፍስበትን አዳራሽ ሲነግሩን እኛም ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። ኋላ ደግሞ የሰው ጥላ ጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀስበት፣ ሲኒማ የሚሉት ነገር መጣ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ፤ ባለሻንጣውም ሻንጣውን ይዞ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ተመለሰ።

የሞተ ዕለት በእኛ ሰፈር ገና ለዓይን ያዝ ማድረጉ ነበር። ለመጨረሻው ቴአትር የመጣው ተመልካች አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቡድኑ አለቃ «የዛሬው ይቅር» ሲለው «አሥራ አንድ ሰው መጥቷል እኮ» አለና ልብሱን ለበሰ። ልጁን ከጦርነት የሚጠብቅ ሽማግሌ ሆኖ፣ ለሺህ ሰው እንደሚሠራው አድርጎ ሠራ። እጅ ነሣ። ከመጋረጃው ጀርባ ሄዶ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ልየውም የራሳቸው የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀመጡና የፋኖሱን ክር ቀስ፣ ቀስ እያሉ ዝቅ አደረጉት። አልተነሡም።

መጀመሪያ የጮኸው ትንሹ አንዳርጌ ነው። እኔ ተከተልኩ፤ ከዚያ ሁላችንም።

እኛ አገር ከቤት ለቅሶ ሲሰማ ማንም ምክንያት አይጠይቅም፤ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ብቻቸውን ከሚኖሩ ሽማግሌ ቤት የልጆች ጩኸት የሰማ ደግሞ ሌላ ምን ያስባል? ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው «ወይኔ ጋሽ ልየው!» እያሉ ደረሱ። ቀድመው የገቡት ጎረቤታቸው እቴ ጥሩ፣ ሟቹ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ፋኖስ ሲያስተካክሉ ቢያዩ ሌላ ጩኸት ጨመሩበት። ከኋላቸው መቋሚያውን እንደያዘ አባቴ ገባ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

«ባለሻንጣው!» አለ አንዳርጌ እየተንሰቀሰቀ።

«የማን ልጅ ነው? ከየት መጥቶ ነው እዚህ የሞተው?» አሉ እቴ ጥሩ።

ጋሽ ልየው እየተቅለሰለሱ ነገሩን በአጭሩ አስረዱ። ሲጨርሱ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«እንግሊዝኛው ይሄ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ» አልኩ። ወዲያው ደግሞ «አይደለም» አልኩ። በቃ አበቃልኝ ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

እቴ ጥሩ ነጠላቸውን አልፈቱም። «ለመሆኑ ማን ቀበረው? ዘመድ አለው?»

«አሥራ አንዱ ሰዎች ቀበሩት» አሏቸው ጋሽ ልየው።

«እሰይ፣ ተመስገን» አሉና እቴ ጥሩ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

አባቴ ግን ገና ቆሞ ነበር። «የሰዎቹን ሁሉ ቃል በቃሉ ነው የያዘው?»

«በቃሉ፣ መሪጌታ።»

«ማን አስተማረው?»

«ማንም። ከጎን ቆሞ ሲሰማ ነው የያዘው።»

አባቴም በተማሪነቱ፣ ሌሎቹ መምህሩ ፊት ሲያዜሙ ከኋላ ቆሞ እየሰማ ስንት ዓመት ዜማ እንደያዘ አጫውቶን ያውቃል። መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ ይህን የሚያደርገው ሊቀመጥ ሲያስብ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ለቅሶ ደርሰናል» አለ። «የሟቹን ሥራ ከመጀመሪያው ይንገሩን።»

ጋሽ ልየው ከመጀመሪያው ነገሩን። ቤቱ እስከ ደጃፉ ሞልቶ፣ ሴቶቹ ወገባቸውን እንደታጠቁ። ሦስተኛው «ፈረሱ ቀርቧል» ሲመጣ የሳለ ሰው አልነበረም፤ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ፍሙን ያይ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ባትሪውን ይዞ ከፊት፣ እኔ ቁጣውን እየጠበቅሁ ከኋላ ነበርን። «ከእንግዲህ የምትሄጂበትን እውነቱን ነግረሽኝ ሂጂ» አለ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ከፊቴ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ብቻ፣ «ፈረሱ ቀርቧል፣ ጌታዬ» አለ። ቆመ። አልጣመውም መሰለኝ፣ ድምፁን አውርዶ ደገመው። ሰማይ ሙሉ ኮከብ ነበር፤ እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ የማየው የአባቴን ጀርባ ብቻ ነው።

«የምን ፈረስ?» አለች እማዬ በሩን ከፍታ።

ጋሽ ልየውም አባቴም ዛሬ የሉም፤ መጽሐፉም የት እንደገባ አላውቅም። እኔ አስተማሪ ሆኛለሁ። ዝናብ በጣለ ቀን ክፍል ውስጥ የሚጠብቁኝ ተማሪዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ ከበሩ ውጭ ትንሽ እቆምና ያችን ቃል በለሆሳስ እላታለሁ። ያኔ ግን የሚሰማኝ የኔ ድምፅ አይደለም፤ በጨለማ አጥር ሥር ቆሞ፣ ማንም አይሰማኝም ብሎ ቃሉን የሚደግመው የአባቴ ድምፅ ነው። ከዚያ በሩን ከፍቼ እገባለሁ።