ከመርዶው በፊት የዞርናቸው የክር ሱቆች

ዓርብ ማምሻውን ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስገባ ለእናቴ የያዝኩላት አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ውሸት ነበር። ውሸቱ ሹራብ መሥራት ልማር መጣሁ የሚል ነው። እውነቱ ግን ወንድሜ ሞቷል። የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ሐሙስ ዕለት በጅቡቲ መንገድ፣ አፋር በረሃ ላይ መኪናው ተገልብጦ እዚያው ሞተ። ሙቀቱም መንገዱም ሬሳውን ደጋ ድረስ ለማምጣት አልፈቀዱምና ባልደረቦቹ በማግስቱ እዚያው አቅራቢያ ካለች ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። እናቴ ይህን አላወቀችም። እስከ ሰኞ እንዳታውቅም ተወስኗል።

የወሰኑት አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድም አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣና እህል ሳይቀምስ፣ የንስሐ አባቱ ከፊት ሆነው ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። አጎቴ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶችን እየጠበቁ ነበር። እሑድ ደግሞ በሰንበት ኡኡታ አይሆንም አሉ። የእናቴ የደም ግፊትም አለ። እኔ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነኝ፤ «ልጇ ነው እኮ፣ ዛሬውኑ ይነገራት!» ብዬ በስልክ ጮህኩባቸው። አልተቆጡኝም።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉኝ። «ሰኞም ታለቅሳለች። ምን አስቸኮለሽ?»

ከዚያ ሥራ ሰጡኝ። እኔና እዚያው መሐል ሜዳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እስከ ሰኞ ድረስ እናታችንን ከሰው አፍ እንድንጠብቅ።

የሹራቡን ሐሳብ ያመጣችው እህቴ ናት። እናታችን የታወቀች ፈታይ ናት፤ የመንዝ በግ ጠጉር በእንዝርት እየፈተለች ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ትሸጣለች፣ በተረፋት ደግሞ በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ቆብና ሹራብ ትሠራለች። እኔን ልታስተምረኝ ያልሞከረችበት ዘመን የለም። ልጅ ሆኜ መርፌውን ጥዬ እሸሽ ነበር። ስለዚህ ዓርብ ማታ «አስተምሪኝ ብዬ መጣሁ» ስላት መጀመሪያ ግንባሬን ዳሰሰችው፣ ትኩሳት ካለኝ ብላ። ቀጥላ እስክታለቅስ ሳቀች።

«ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች? በይ፣ ለማን እንጀምር?» አለችና የራሷን ጥያቄ ራሷ መለሰችው። «ለልጄ ነዋ! ለገና ይመጣል። ያቺን አሮጌ ጃኬት ለብሶ ዘንድሮ ፊቴ አይቆምም።»

እህቴ ከወለሉ ላይ የሌለ ነገር ለማንሣት አጎነበሰች። ይህንን አላሰብንበትም ነበር። ሁለታችንም የተማርን ሴቶች ነን፤ ሹራብ ሲባል እናታችን ስለማን እንደምታስብ ሳንገምት እቅድ አወጣን።

«በረሃ ለበረሃ የሚዞር ሰው ሹራብ ምን ያደርግለታል?» አልኩ፣ ሐሳቧን ለማስቀየር።

«በረሃ የለመደ ገላ ነው ደጋ ሲወጣ የሚመታው» አለች። «አንቺ ስለ ብርድ ምን ታውቂያለሽ? ደብረ ብርሃን ገብተሽ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ሆነሻል።»

የራሷን ክር ለሸማኔ ሸጣ ጨርሳ ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት ክር ፍለጋ ወጣን። ኅዳር ነው፤ ሌሊቱን የጣለው ውርጭ ከጥላው ሥር ገና አልለቀቀም። እኔ በቀኟ፣ እህቴ በግራዋ ሆነን እንደ እስረኛ አጀብናት። አገሩ ሁሉ ሰምቷል። መሐል ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ አያድርም። ሰው ገና ከሩቅ ሲያየን ፊቱ ይለወጣል፤ እኔም ከእናቴ ትከሻ በላይ ዓይኔን አፍጥጬ እለምነዋለሁ። ያን ቀን በዓይኔ የለመንኩትን ያህል በአፌ ለምኜ አላውቅም።

መጀመሪያ የሄድነው ፈታዮቹ ልቃቂታቸውን ዘርግተው ከሚቀመጡበት ተራ ነው። እዚያ ከእናቴ ጋር ዘመናቸውን ሁሉ ሲሰዳደቡ የኖሩ አንዲት ባልቴት አሉ። ስድባቸው የፍቅር ነው፤ ሳይሰዳደቡ ከገበያ የተመለሱበት ቀን የለም። እናቴ ገና ሳትደርስ ጀመረች።

«አንቺ፣ ዛሬም ይቺን የአህያ መጫኛ ክር ብለሽ አወጣሻት?»

ባልቴቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ብድግ ብለው «እውነትሽን ነው፣ እህቴ» አሉና ከልቃቂቶቻቸው ሁሉ የሚያምረውን፣ በማንም እጅ የማያስነኩትን ቡናማውን እናቴ እጅ ላይ አኖሩላት። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ ወደ መሬት ያያሉ። እናቴ ልቃቂቱን ይዛ ቆማ ቀረች። መልሶ ሰዳቢ አጥታ ጨዋታው በእጇ ላይ ሞተባት።

«ለልጄ ግራጫ ነበር የፈለግሁት» ብላ ልቃቂቱን መለሰችላቸው። ትንሽ እልፍ እንዳልን ወደኔ ዞረች። «ምን ሆና ነው? አሟታል እንዴ?»

«እርጅና ነው» አልኩ።

«ከኔ በምን ታረጃለች?» አለችና ሁለት ጊዜ ዞራ አየቻቸው።

ቀጥሎ የፋብሪካ ክር የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሌላ ጊዜ ከመቀመጫው የማይነሣ ሰው ነው። እናቴን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ከባንኮኒው ወጣ፣ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ እጄን እያወዛወዝኩ ብከለክለውም «እማማ፣ አይዞዎት» አላት።

«ለምኑ?» አለች እናቴ።

ሰውየው ወደኔ አየ። ላብ አጠመቀው። «ለ... ለብርዱ። ዘንድሮ ውርጩ ከፍቷል እኮ።»

«ውርጭ መቼ ቀርቶ ያውቃል?» አለች። ክሩን በጣቶቿ ሳበችው፣ አንገቷ ላይ አሸችው፣ ያሳክካል ብላ አስቀመጠችው። ወንድሜ አንገቱ ቶሎ ይቆጣል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያሳክክ ነገር አይወድም። ይህን ሁሉ ለባለሱቁ ዘርዝራ ስትነግረው ሰውየው እሺ፣ እሺ ይላታል።

ከሱቁ እንደወጣን ስልኳን አወጣች። ግራጫው ከጠፋ ቡናማ ይሁን ወይ ብላ ራሱን ልትጠይቀው ነው። የወንድሜን ቁጥር ደወለች። አልተገኘም። ደግማ ደወለች።

«በረሃው ላይ ኔትወርክ የለም እኮ» አለች እህቴ።

እኛ አገር የኔትወርክን አለመኖር የሚጠራጠር ሰው የለም። እናቴም ስልኩን መቀነቷ ውስጥ መልሳ ሸጎጠችው።

አጎቴ ደውለው የእሑድ ቅዳሴ ከገበያው የባሰ ነው አሉን። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰው ሲበተን ማን የማንን አፍ ይይዛል? ስለዚህ ጥሩ ግራጫ ክር ጎረቤት ከተማ ሞላሌ አለ፣ ሚኒባሱ በጠዋት ነው የሚነሣው ብለን አዲስ ውሸት ፈጠርን። እናቴ ሰንበትን ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም ውላ አታውቅም።

«ቅዳሴ ጥዬ ክር ፍለጋ? ምን ነካችሁ?»

«የሚለብሰው ልጅሽ አይደለም?» አለች እህቴ። ካለችው በኋላ ከንፈሯን ነከሰች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። እናቴ ትንሽ አሰበችና ነጠላዋን አጣፋች። ሚኒባሱ በቤተ ክርስቲያኑ ሲያልፍ በመስኮቱ አማትባ ተሳለመች። ወንድሜ ከተቀበረ ሣልስቱ ነበር፤ እናቱን በሣልስቱ ቀን ከቅዳሴ ያስቀረናት እኛ ነን።

ሞላሌ ማንም አያውቀንም። ከሚኒባሱ ስንወርድ ሁለት ቀን ሙሉ የያዝኩትን ትንፋሽ የለቀቅሁ መሰለኝ። ያገኘነው ክፍት ሱቅ ከቆላ መጥቶ የሚነግድ የአንድ ሙስሊም ጎልማሳ ነው። ጨዋታ የሚወድ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው። ግራጫውን ክር አወረደላት። ሳበችው፣ አንገቷ ላይ አሸችው፣ ፊቷ በራ። ዋጋ ሲነግራት ጮኸችበት፣ እሱም ጮኸባት። ከዓርብ ወዲህ እንደ ሰው ያናገራት እሱ ብቻ ነበር።

ሊጠቀልልላት ሲል «ቆይ» አለችው። «ዙር እስቲ። ልጄ እንዳንተ ነው ትከሻው።»

ሰውየው እየሳቀ ጀርባውን ሰጣት። ከክሩ ላይ ረዘም ያለ ስባ ከአንዱ ትከሻው እስከ ሌላው ለካች። ከዚያ ከአንገቱ እስከ ወገቡ፣ ከዚያ ክንዱን። እየለካች ስለ ወንድሜ ታወራለች፤ ግራ ክንዱ ከቀኙ ትንሽ እንደሚረዝም፣ ሲበላ እጅጌውን መሰብሰብ እንደማይወድ፣ በልጅነቱ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ትምህርት ቤት እንደሄደ። እህቴ ሚኒባስ ልይ ብላ ወጣች። እኔ የክሩን ጫፍ ይዤላት ስለነበር መውጫ አልነበረኝም።

«ኢንሻአላህ በጤና ይልበሰው» አላት ነጋዴው፣ ከልቡ።

«አሜን!» አለች እናቴ።

ያን ማታ አስተማረችኝ። የሹራቡ ዓይን በመርፌው ላይ እንዴት እንደሚነሣ፣ ክሩ በየትኛው ጣት እንደሚያዝ። አምስት ዓይን አንሥቼ ሦስቱ ይወርዱብኛል። «እጅሽ የምላስሽን ግማሽ ቢሠራ አገር ታለብሺ ነበር» እያለች ትስቃለች። እሷ የጀርባውን ግማሽ ስታደርስ እኔ ሁለት መስመር ሠራሁ። ደስ የሚል ምሽት ነበር። እስከ ዛሬ ልቋቋመው የማልችለው ይህንን ነው፤ ደስ ይል ነበር።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ መርፌዎቹን ይዛለች። እህቴ ከፈተች። ግቢው ጋቢ በለበሰ ሰው ሞልቷል። ከፊት የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከጎናቸው አጎቴ።

«ምነው አባ በማለዳ?» አለች። ቀጥላ ከኋላቸው ያለውን ሰው አየች፤ ማንም ዓይኗን አላየም።

«ልጅሽ አርፏል» አሏት አጎቴ።

ሴቶቹ ሊይዟት ተጠጉ። ኡኡ ትላለች ብለን ነበር የጠበቅነው። እሷ ግን ጠየቀች። «መቼ?»

«ሐሙስ።»

ፊቷን ወደኔና ወደ እህቴ መለሰች። «ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ?»

እህቴ እያለቀሰች ነው። «ሞቶ ነበር» አልኳት።

«ሞላሌስ?»

«ተቀብሮ ነበር፣ እማዬ።»

«ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ሹራብ ስለካለት ዋልሁ?» አለች። «እየሳቅሁ? አገር ሁሉ እያወቀ እኔ እየሳቅሁ?» ደረቷን ስትመታ ነው ድምፅዋ የወጣው። ከዚያ ግቢው ሁሉ ተቀበላት።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ጠሩኝና እንዳሰቡት እንደሆነ፣ ግፊቷም እንዳልተነሣባት ነገሩኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። እኛው አደፍርሰነው መልሶ ቢጠራ ምን ያስመሰግነናል አልኳቸው። ባለጌ አሉኝ። ልማዱን ልስደብ ብዬ አይደለም። ብቻዋን ቤት ውስጥ በስልክ ሰምታ ወድቃ ቢሆንስ? ያን ጠዋት የደገፏት እጆች ብዙ ነበሩ፤ እሱን አልክድም። ግን እነዚያ እጆች ሁሉ ከእሷ በፊት ያውቁ ነበር፣ እሷም ይህንን አልረሳችም። ለልቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ «አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

ተዝካሩ ወጣ፣ ገናም ፋሲካም አለፉ። በግንቦት አንድ ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ እናቴ ድንገት ናፈቀችኝ። በዓል የለም፣ ጉዳይ የለም፣ እንዲሁ ነው የናፈቀችኝ። ሳልደውል ተሳፍሬ መጣሁ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንዳየችኝ ብድግ አለች፣ ግን ወደኔ አልመጣችም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ። ናፍቀሽኝ ነው።»

«እህትሽ ናት?»

«ደህና ናት። ማንም የለም እኮ።»

ስልኬን ተቀበለችኝ። እህቴን አስደወለችኝ፣ ባሌን፣ ልጆቼን አንድ በአንድ፣ አጎቴን። የእያንዳንዳቸውን ድምፅ እስክትሰማ አልተቀመጠችም። ሁሉም ደህና ነን አሏት። ስልኩን መለሰችልኝና መሬት መሬት እያየች በቀስታ ተቀመጠች። ላቅፋት ጎንበስ ስል በእጇ ደረቴን ያዝ አደረገችኝ።

«ነገ ጎህ ቀዶ ማንም ካልመጣ፣ ያኔ አምንሻለሁ» አለችኝ።