ከስንጥቁ የበቀለው መጤ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከሰው ስትተዋወቅ ከፊቱ በፊት ትከሻውን ነው የምታየው፤ ስሙን ብትረሳ እንኳ ልኩን አትረሳም። ስለዚህ ከበራችን አጠገብ፣ ግድግዳውና ሲሚንቶው ከተለያዩበት ስንጥቅ፣ ማንም የማያውቀው ተክል ሲበቅል መጀመሪያ ያደረገችው በሜትር መለካት ነበር።

"ቅጠሉ አራት ጣት፤ አንገቱ ቀጭን፤ ትከሻ የሚባል ነገር የለውም" አለችኝ።

ያንን ቦታ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ባሏ፣ አጎቴ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሩቅ መንገድ ሲመለስ ካፖርቱን እዚያው ግድግዳ ሥር እያራገፈ፣ "አቧራውን ውጪ ትቼዋለሁ፤ እኔን ብቻ አስገቢኝ" ይላታል። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ካፖርቱ ዛሬም ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ እሷም አትነካው፣ ሰውም አታስነካ። ምን እንደምትመኝ ሳትነግረኝ ገባኝ። ተክሉ እሱ ያመጣው እንዲሆን ነበር የፈለገችው።

ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ቆም ብለው አዩት። "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ንቀዪው" አሉ።

"እርስዎስ እዚህ ሰፈር ሲገቡ ማን ያውቅዎት ነበር?" አለቻቸው። እየሳቁ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጨርቁ ላይ ስትተኛ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ቤቱን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘዋል። ያን ጊዜ የተክሉ ጥላ በበሩ ገባ ወጣ ይላል። አጎቴ ደጅ ቆሞ ካፖርቱን የሚያራግፍ ይመስለኛል። ናፍቆኛል፤ ምን እደብቃለሁ? አክስቴም እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ወደ በሩ ታያለች።

በመጨረሻ ቅጠሉን ልብስ በምትነድፍበት ወረቀት ላይ ነድፋ ቆረጠችና እርሻ ቢሮ ሄድን። ባለመነጽሯ ባለሙያ መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠች። "እንዲህ ሰፊ ቅጠል ያለው የለም" አለች።

አንድ ነገር ጠረጠርኩ። "እትዬ፣ የስፌት ትርፍ ጨምረሽበታል እንዴ?"

አክስቴ አቀረቀረች። "ለስፌት የሚታጠፍ አንድ ጣት ሳልተው ነድፌ አላውቅማ።"

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዙሪያውን በመቀስ ከረከመችው። ወዲያው አገኘችው።

"መጤ አረም ነው፤ የዚህ አገር አይደለም። ፍሬው ይጣበቃል። በጭነት መኪና፣ በሹፌሮች ልብስ ነው የሚመጣው።"

አክስቴ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

"ግን አንዴ ካፈራ የጎረቤቱን ጓሮ ሁሉ ይውጠዋል። ሳያብብ ይንቀሉት፣ እናቴ።"

ቤት እንደደረስን ከስንጥቁ አጠገብ ተንበረከከችና በሁለት እጇ ከነሥሩ ነቀለችው። "እኔንም እዚህ ሰፈር ሳገባ መጤ ብለውኝ ነበር። እሱ ነው ያላስነቀለኝ" አለች።

ከዚያ ገብታ ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ አወረደችው። ሲገዛ ረዝሞበት ጫፉን አጥፋ የዘመዘመችው ራሷ ነበረች። ዝምዝማቱን በጣቷ እየዳበሰች፣ ክሩ የላላበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ከእጥፋቱ ሁለት ደቃቅ ፍሬዎች መዳፏ ላይ ወደቁ።

"ማቃጠል ይሻላል፣ እትዬ" አልኳት።

"ከዚህ አይወጡም" አለች። ወደ እጥፋቱ መለሰቻቸውና በድርብ ክር ሰፋችባቸው። ካፖርቱንም ሳታራግፈው መልሳ ሰቀለችው።